ጓንቷን ሳትቀይር ደም ቀዳችኝ፤ በሽታ ይዞኝ ይሆን?

ጥያቄው ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ የሰባት ወር ልጅ የምታጠባ እናት ናት። ትኩሳትና ራስ ምታት ሲያስቸግራት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ሄደች፣ ሐኪሙም የደም ምርመራ አዘዘላት። ናሙና የምትወስደው ባለሙያ ከሷ በፊት ለነበረው ሰውዬ ያጠለቀችውን ጓንት ሳታወልቅ ክንዷን ያዘች። ክንዷን ያሰረችበትም ሌላ ጓንት ነው፤ ጫፉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። ከክፍት ሳህን አልኮል የነካ ጥጥ አንስታ ጠረገቻት፣ እፍ እፍ አለችበት፣ ከዚያ የደም ሥሯን መልሳ በጣቷ ዳበሰችና ወጋች። ጠያቂያችን መርፌ ስለምትፈራ ፊቷን አዙራ ነበር። መርፌው ሲከፈት አላየችም። ይኸው አራተኛ ቀኗ ነው። ክንዷ በልዟል፣ ጉሮሮዋን ይከረክራታል፣ እንቅልፍ የሚባል የለም። "ኤች አይ ቪ ወይም የጉበት ቫይረስ ይዞኝ ይሆን? መቼ ልመርመር? ልጄን ማጥባትስ ላቁም?" ትላለች።

እህቴ፣ "ዶክተር" ብለሽ ነው የጻፍሽው። ዶክተር አይደለሁም፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ደም መቅዳት የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ያየሽውን ነገር ሁሉ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ማለቴ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። በጻፍሽው ሁኔታ ኤች አይ ቪ የመያዝሽ ዕድል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የጉበት ቫይረስ ካልሻቸው አንዱ የሆነው ሄፓታይተስ ሲም እንደዚያው። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ብቻ ትንሽ እናወራለን፣ እሱም ቢሆን ክትባት አለው። ማጥባትሽን አታቁሚ። ባለሙያዋ የሠራችው ግን ልክ አይደለም፣ "አይ ምንም አይደለም" ብዬ ላልፍላት አልችልም።

አሁን ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳሽ። ሰው ደም ሲቀዳ የሚያየው ጓንቱን፣ ጥጡን፣ የጠረጴዛውን ቆሻሻ ነው። የሚፈራውም ያየውን ነው። ከደም ወደ ደም የሚተላለፍ በሽታ ግን መንገድ ይፈልጋል። የሌላ ሰው ደም አንቺ ቆዳ ላይ ስላረፈ ብቻ አይገባም። ጤነኛ፣ ያልቆሰለ ቆዳ እንደዚህ ላሉት ቫይረሶች ዝግ በር ነው። የሚከፍተው መርፌው ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር፣ ቆዳሽን የበሳው መርፌ አዲስ ነበር ወይ የሚለው ነው። አዲስ ከነበረ የቀረው ጉድለት ሁሉ ተደምሮም ትልቁን አደጋ አያመጣም።

ቁጥሩን ልስጥሽ፣ ምክንያቱም እኛ ራሳችን በሥራ ላይ ስንወጋ የምንጽናናው በዚሁ ነው። ኤች አይ ቪ ካለበት ሰው ክንድ ገና በወጣ፣ ትኩስ ደም ባለበት መርፌ የተወጉ የጤና ባለሙያዎች ምንም መድኃኒት ባይወስዱ እንኳ የሚያዙት ከ1000 ወደ 3 የሚሆኑት ናቸው። ሄፓታይተስ ሲ ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ሄፓታይተስ ቢ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክትባት ያልወሰደ ሰው ላይ ከመቶ ከ6 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ልብ በይ፣ ይሄ ሁሉ በሽታው እንዳለበት ከታወቀ ሰው በቀጥታ በመርፌ መወጋት ነው። አንቺ ጋ የደረሰው የጓንት ንክኪ ነው። በዚያ ላይ ከአንቺ በፊት የነበሩት ሰውዬ ቫይረሱ እንዳለባቸው የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘ ጎልማሶች ከመቶ አንድ አይሞሉም፣ 0.9 ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ከዚያ ከፍ ይላል። ቢኖርባቸውም መድኃኒታቸውን በአግባቡ የሚወስዱ ሰዎች ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በጣም ዝቅ ይላል። ደም ከሰውነት ወጥቶ ሲደርቅ ደግሞ ኤች አይ ቪ ቶሎ ነው አቅም የሚያጣው።

"እሺ፣ መርፌውስ? አላየሁም እኮ" ትያለሽ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አላየሁም ማለት አልተቀየረም ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በይ።

ከሥራው ውስጥ ሆኜ ልንገርሽ። ደም ለመቅዳት አንዴ የተጠቀሙበትን መርፌና ሲሪንጅ መልሶ መጠቀም ለቀጂው ራሱ ጣጣ ነው። ውስጡ የቀረው ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፣ መርፌውን ይደፍናል። ጫፉም ይደንዛል፣ ቆዳው ላይ ይንሸራተታል፣ ታካሚው ይጮሃል። የሁለት ሰው ደም የተቀላቀለበት ናሙና ደግሞ ውጤቱ ይዘበራረቃል፣ ሐኪሙም "ይሄ ምንድነው ያመጣችሁልኝ" ብሎ ይመልሰዋል። ያገለገለ መርፌ ይዞ መቆየት ማለት ደግሞ ራስን ለመወጋት ማመቻቸት ነው፣ እኛ ከምንም በላይ የምንፈራው እሱን ነው። ለዚህ ነው እንደወጣ ወዲያው ወደዚያች ቢጫ ካርቶን፣ ወደ ሴፍቲ ቦክሱ የምንወረውረው። በዚያ ላይ የአንድ ሲሪንጅ ዋጋ ከምርመራው ክፍያ አንጻር ኢምንት ነው። ጓንት የሚቆጥብ ክሊኒክ አለ፣ አውቃለሁ። መርፌ የሚቆጥብ ላብራቶሪ ግን እንደዚያ በቀላሉ አታገኚም።

ፈጽሞ አልተደረገም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት ደም ቀጂ መርፌ ደግማ ስትጠቀም ተደርሶባት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለምርመራ ተጠርተዋል። ግን በዓለም ላይ በመርፌ ምክንያት የደረሱትን ትልልቅ ጉዶች ብታዪ ከሞላ ጎደል የመጡት ከደም ምርመራ አይደለም፣ ከሚወጋና በክንድ ከሚሰጥ መድኃኒት ነው። ግብፅ ውስጥ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቢልሃርዚያን ለማጥፋት ሲባል በመንደር በመንደር መርፌ ይወጋ ነበር፣ የመስታወት ሲሪንጁም በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ሰው ይዞር ነበር፤ ሄፓታይተስ ሲ አገሩን ያጥለቀለቀው በዚያ ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ማብቂያ ካምቦዲያ ውስጥ ሮካ በምትባል መንደር ፈቃድ የሌለው "ሐኪም" በመርፌ ከ200 በላይ ሰው ኤች አይ ቪ እንዲያዝ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓኪስታን ራቶዴሮ ላይ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት የተያዙት በሲሪንጅና በጉሉኮስ መስጫ መደጋገም ነው።

ልዩነቱ ምን መሰለሽ? መድኃኒት የሚወጋ ሰው ከአንድ ጠርሙስ ለብዙ ሰው ይቀዳል፣ መርፌውን ቀይሮ ሲሪንጁን ሳይቀይር "ንጹሕ ነው" ብሎ ራሱን ያታልላል፣ ጠርሙሱ አንዴ ከተበከለ የሚቀጥለው ሁሉ ይበከላል። ደግሞ እየገፋ ነው የሚያስገባው። ደም የሚቀዳ ሰው ግን እየሳበ ነው የሚያወጣው። እና እውነቱን ለመናገር፣ ለደም ምርመራ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ጓዳ ገብቶ "ጉልበት የሚሰጥ" መርፌ ሲወጋ ምንም አለመጠየቁ ይገርመኛል። አንቺን አይደለም፣ በአጠቃላይ ነው የምለው።

አሁን ወደ ጻፍሽው እንመለስ፣ አንድ በአንድ።

ጓንቱ። ብዙ ሰው ጓንት ታካሚውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። በዋናነት የሚጠብቀው ባለሙያውን ነው። ለታካሚው የሚጠቅመው ለእያንዳንዱ ሰው ሲቀየር ብቻ ነው፤ ካልተቀየረ እንዲያውም ካልታጠበ ባዶ እጅ ቢብስ እንጂ አይሻልም፣ ምክንያቱም ጓንት ያደረገ ሰው እጁ ንጹሕ የሆነ ስለሚመስለው ሁሉን ነገር ይነካካል፣ ስልኩን ያነሳል፣ የበር እጀታ ይይዛል፣ ኪቦርድ ይመታል፣ መልሶ ክንድ ይዳብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የደም አቀዳድ መመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ጓንት፣ በመካከሉም እጅ ማጽዳት ይላል። ባለሙያዋ እዚህ ላይ ጥፋተኛ ናት፣ ምንም ማስተባበያ የለውም። ከጀርባ ያለውን ታውቂው ዘንድ ያህል ግን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በባዶ ሆዱ የመጣ ሰው ኮሪደሩን ሞልቶ፣ አንድ ባለሙያ ብቻ ተመድቦ፣ "ይህችን ካርቶን ጓንት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አድርሷት" የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። ጥፋቱ የሷ ብቻ ላይሆን ይችላል ለማለት ነው።

ክንድሽ የታሰረበት ነጠብጣብ ያለበት ጓንት ደግሞ ዓይን የሚያስጠላ ነገር ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ማሰሪያው ሲጠፋ ጓንት መጠቀም የተለመደ ነው፣ በራሱ ችግር የለውም። ደም የነካውን ለሌላ ሰው ማሰር ግን ነውር ነው። አደጋው ስንት ነው ካልሽኝ፣ ማሰሪያው የሚያርፈው መርፌው ከሚገባበት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው፣ ጤነኛ ቆዳ ላይ። እዚያ ቦታ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ካልነበረሽ በሩ ዝግ ነው።

ጥጡን በተመለከተ፣ አልኮል ተነክሮ በሳህን ክፍት የተቀመጠ ጥጥ በየክሊኒኩ ታያለሽ። መመሪያው ይሄንን በግልጽ ይከለክላል። ሁሉም እጁን እየከተተ ሲያነሳ የእጅና የአየር ባክቴሪያ ይጠራቀምበታል፣ አልኮሉም እየተነነ ይደክማል። ትክክለኛው 70 በመቶ አልኮል ያለው፣ ለብቻው የታሸገ መጥረጊያ ወይም እዚያው የሚርስ ጥጥ ነው። 30 ሰከንድ ያህል ይጠረጋል፣ ሌላ 30 ሰከንድ ራሱ እስኪደርቅ ይጠበቃል። አልኮል ጀርም የሚገድለው ሲደርቅ ስለሆነ ያቺ ሠላሳ ሰከንድ የይስሙላ አይደለችም። እፍ ማለት ደግሞ ያጸዱትን መልሶ መበከል ነው፤ አፋችን ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ብታዪው እፍ የሚልብሽን ሰው ትሸሺው ነበር። ከጠረጉ በኋላ በጣት መዳበስም እንደዚያው። የደም ሥር የሚፈለገው ከመጥረግ በፊት ነው፣ ከጠፋ እንደገና ይዳበሳል፣ እንደገና ይጠረጋል።

እነዚህ ሁለቱ፣ ጥጡና ጣቱ፣ ሊያመጡ የሚችሉት በዋናነት የቆዳ ባክቴሪያ ነው። ይሄ ደግሞ የሚደበቅ በሽታ አይደለም፣ ራሱን ያሳያል። የተወጋው ቦታ በቀናት ውስጥ ቀይ ይሆናል፣ ቅላቱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል፣ መግል ሊቋጥር ይችላል፣ አንዳንዴ ከቦታው ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር ይታያል። እነዚህን ካየሽ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ። በጊዜው በመድኃኒት ይድናል፣ ከተተወ ግን ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል ቀልድ አይደለም።

ያንቺ ክንድ ግን በልዟል ነው ያልሽው፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ። ቀይና ትኩስ አይደለም። ብልዝ ኢንፌክሽን አይደለም፤ ከደም ሥሩ ወጥቶ ቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆንና በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ልገምት? መርፌው ሲወጣ "እጠፊው" ተባልሽ፣ ጥጡን ይዘሽ ክርንሽን አጠፍሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ ዘረጋሽው። አገሩ በሙሉ የሚያደርገው እሱን ነው። ክርን ሲታጠፍ ቀዳዳው በደንብ አይጫንም፣ ሲዘረጋ ደግሞ የተዘጋው ይከፈታል። ክንድን ዘርግቶ፣ በሁለት ጣት ሦስት ደቂቃ ያህል ሳያነሱ መጫን ነው መፍትሔው። ማሸት የለም፣ "እስቲ ቆመ ወይ" እያሉ በየሰከንዱ ማየትም የለም።

አሁን የቀረችውን ሄፓታይተስ ቢን እናውራ። ከሦስቱ ቫይረሶች ግትሩ እሱ ነው። ደርቆም ቢሆን ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፣ ለመያዝም በዓይን የማትታይ ጠብታ ትበቃለች። በአገራችንም ከኤች አይ ቪ ይልቅ ተሸካሚው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ እንዳለበት አያውቅም። እንዲያው ክፉ ክፉውን እናስብ ካልን፣ የጓንቷ ጣት ላይ የሰውዬው ደም ቢኖር፣ ያ ጣት የተጠረገውን ቦታ ቢነካ፣ መርፌውም በዚያው ላይ ቢያልፍ፣ ሊገባ የሚችለው ይሄ ነው። ይህ ሁሉ "ቢሆን" በአንድ ጊዜ መገጣጠም አለበት፣ ስለዚህ ዕድሉ ትንሽ ነው። ዜሮ ነው ግን አልልሽም።

መልካሙ ዜና ክትባቱ ነው። እዚህ አገር ሕፃናት ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት መውሰድ የጀመሩት በ1999 ዓ.ም. ነው። አንቺ ከዚያ በፊት ከተወለድሽና አዋቂ ሆነሽ ካልተከተብሽ፣ አልተከተብሽም ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት አንድ ጠቃሚ ነገር ይዘሽ ውጪ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሄደሽ መጀመሪያ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርጊ፣ ነጻ ከሆንሽ በዚያው ክትባቱን ጀምሪ። ሦስት ጊዜ ነው፤ አሁን፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ለምታጠባ እናት ችግር የለውም። ከተጋለጡ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ መጀመሩም ራሱ መከላከያ ስለሆነ በቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው።

ቅደም ተከተሉን አደራ፣ ምርመራው ይቅደም። ይሄ የእኛ የላብራቶሪ ሰዎች ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ሰው አይነግርሽም። ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ ልባስ ፕሮቲን ነው፣ ምርመራውም የሚፈልገው ያንኑ ፕሮቲን ነው። ክትባት ከወሰድሽ በኋላ እስከ ሁለት ሦስት ሳምንት ድረስ ብትመረመሪ ክትባቱ ራሱ "ፖዘቲቭ" ሊያስብልሽ ይችላል። በዚህ የተነሳ በከንቱ ያለቀሱ ሰዎች አሉ።

የዛሬው ምርመራ የሚነግርሽ ከዚያ ቀን በፊት የነበረሽን ነው እንጂ የክሊኒኩን ጉዳይ አይደለም፣ ይሄንንም እወቂው። ቫይረስ በደም ውስጥ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ሄፓታይተስ ቢ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ውስጥ ይታያል። በጤና ጣቢያ በጣት ደም የሚሠራው የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ ሦስት ወር ሲሞላ ነው እርግጠኛ የሚያደርገው። እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። ለኤች አይ ቪ ብዬ አልመረመርም፣ ምክንያት የለኝምና። ግን አንቺ እንቅልፍ እስካጣሽ ድረስ ሦስት ወር ሲሞላ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሦስቱንም ተመርመሪና ፋይሉን ዝጊው። ኤች አይ ቪ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፣ ለሄፓታይተሶቹ ብዙውን ጊዜ ይከፈላል። በየሳምንቱ እየሄዱ መመርመር ጭንቀቱን ያሳድገዋል እንጂ አያበርደውም። በዚያ ላይ በተመረመርሽ ቁጥር እንደገና ትወጊያለሽ፣ እንደገና ጓንቱን ታያለሽ፣ ዑደቱ አያልቅም።

ሌላ ሰው ያነበበው እንደሆነ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገለ መርፌ እንደተወጋ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ወይም ሜዳ ላይ የወደቀ መርፌ የወጋው፣ ሦስት ወር አይጠብቅም። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ከተቻለ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ወደሚሰጥ ጤና ተቋም ሄዶ ለ28 ቀን የሚወሰደውን መከላከያ መድኃኒት ይጠይቅ። ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይጠበው፣ አይጭመቀው፣ በረኪና አያድርግበት። አንቺ በመጀመሪያው ቀን ብትሄጂ ኖሮ ግን በዚህ ታሪክ ብቻ መድኃኒቱን አይሰጡሽም ነበር፣ ስለዚህ "72 ሰዓቱ አለፈኝ" ብለሽ አትቆጪ።

ጉሮሮሽን የከረከረሽ ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም። ኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ምልክት ካሳየ የሚያሳየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ በአራት ቀን አይደርስም። ደግሞ አስቢው፣ ክሊኒኩ የሄድሽው እኮ ትኩሳት ይዞሽ ነው! ሕመሙ ከምርመራው በፊት ነበረ። ኢንተርኔት ላይ ምልክት ሲፈልጉ ማደር የሌለን በሽታ ያመጣል፤ ስልኩን አስቀምጪውና ተኚ።

ማጥባት አቁሚ የሚያስብል ምንም ነገር የለም። ልጅሽ ሰባት ወሩ ከሆነና ክትባቱን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ከወሰደ ለሄፓታይተስ ቢ ካንቺ በፊት እሱ ተጠብቋል። ካርዱን አውጥተሽ እይው፣ አንዱ ከጎደለ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በፍርሃት ጡት ማስጣሉ ነው ጉዳቱ።

ሰው ከክንድ ደም በጣም ይፈራና የጣት ደም ሲሆን ይዘናጋል፣ እኔ ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ስኳር የሚለኩበት ብዕር መሰል መውጊያ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን ጠቅ ብሎ የሚወጋው። ያ ዕቃ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። መርፌዋ ብትቀየርም ጣት የሚነካው አፉ ላይ ደም ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ሄፓታይተስ ቢ በተደጋጋሚ የተዛመተው በዚህ ምክንያት ነው። በየመንገዱ፣ በየባዛሩ "ነጻ የስኳር ምርመራ" ተብሎ ጠረጴዛ ሲዘረጋ፣ ወይም ቤት ውስጥ የእማማን መሣሪያ እየተቀባበሉ "እስቲ የኔም ስንት ነው" ሲባባሉ ሳይ ያመኛል። ለብዙ ሰው የሚሆነው አንዴ ወግቶ ራሱን የሚቆልፈው ወይም ከእሽጉ ወጥቶ ወዲያው የሚጣለው ላንሴት ነው። ብዕሩን ካየሽ ጣትሽን አትስጪ።

ለሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ከመወጋትሽ በፊት ፊትሽን አታዙሪ። መርፌው ሲገባ ማየት የለብሽም፣ ሲከፈት ግን እዪ። ሲሪንጅ ከሆነ ከላይ ወረቀት ከታች ፕላስቲክ ከሆነ ከረጢት ይላጣል። ደሙ በቀጥታ ወደ ቲዩብ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ መርፌው ጠንካራ የፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ነው ያለው፣ ሲጠመዘዝ በወረቀቷ ላይ ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። መርፌው የሚሰካበት ፕላስቲክ መያዣ ብዙ ቦታ ይደጋገማል፣ መሆን አልነበረበትም፤ ውስጡ ደም ካየሽ "ይቀየርልኝ" በይ።

ይሉኝታው እንደሚይዝሽ አውቃለሁ። ነጭ ጋወን ፊት አፋችን ይታሰራል፣ "ትሰድበኝ ይሆን፣ ሆን ብላ ታሳምመኝ ይሆን" እንላለን። እንዲህ በዪ፦ "እህት፣ ይቅርታ፣ ጓንት ቀይሪልኝ፣ መርፌውንም እኔ እያየሁ ክፈቺልኝ፤ መርፌ ስለምፈራ ነው።" ፈሪ ነኝ ያልሽውን ሰው ማንም አይቆጣም። ብትቆጣ ተነስተሽ ሂጂ፣ ከተማው ውስጥ ላብራቶሪ ሞልቷል። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ እንኳን ሊቀየም ቀድሞ ራሱ ያሳይሻል።

ደግሞ ያዘዙልሽን ምርመራ "ለምንድነው?" ብሎ መጠየቅም መብትሽ ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ሁሉ "ታይፎይድና ታይፈስ" ይታዘዝለታል፣ ያ የድሮው የዊዳል ምርመራ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ብዙም የሚታመን አይደለም፤ የዱሮ ሕመም ወይም ሌላ ትኩሳት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የማያስፈልግ መርፌ ሁሉ የማያስፈልግ አደጋ ነው። ትኩሳትሽ እስካሁን ካልለቀቀሽ ግን እሱን ችላ አትበዪ፣ ለሱ ተመልሰሽ ታዪ።

ክሊኒኩን በተመለከተ፣ ዝም አትበዪ። መጀመሪያ ለኃላፊው ንገሪው፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። "በሽታ አስያዛችሁኝ" ብለሽ ከገባሽ ይከራከሩሻል፣ ማረጋገጫም የለሽም። ያየሽውን ብቻ በዪ፦ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከቀዳሚው ታካሚ የቀጠለ ጓንት፣ ደም የነካ ማሰሪያ፣ ክፍት ሳህን ላይ ያለ ጥጥ። ስሟን ማንሳት አያስፈልግም፣ ተረኛዋን እነሱ ያውቋታል። መልስ ካላገኘሽ የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በየክፍለ ከተማው ቢሮ አለው፣ የጤና ተቋማትን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። የካርድ ቁጥርሽንና ደረሰኝሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ያለዚያ ጎብኝተሽ እንደነበር ማሳየት ይቸግርሻል።